የጎርጓሪው ደስታ

ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው «ሥራ ፈት» ስለሚለው ሰው ነው። ይህ ሰው ቢሮ የጣለውን ኮምፒውተር አንሥቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ማንም የማያስታውሰውን ፍሎፒ ለማንበብ ቁጭ ብሎ ያነጋል፤ ደህና ይሠራ በነበረ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ኮዱ ክፍት የሆነ ሲስተም ይጭንና የፊደሉን መጠን፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ ተግባር ለራሱ እንዲመቸው ሲቀያይር ይውላል። ገንዘብ አያገኝበትም፣ ሰርተፍኬት አይሰጠውም፣ ቤተሰቡም «መቼ ይሆን ወደ ቁም ነገር የምትመለሰው?» እያለ ይነዘንዘዋል። የኔ ክርክር አንድ ነው። ኮምፒውተር አምራቹ ሲያቅድ ትዝ የማንለው ሕዝቦች በማሽኑ ውስጥ ቦታ ያገኘነው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ሰው ለገዛ ደስታው ብሎ ስለጎረጎረ ነው፤ የጎረጎረውም ነገር እስከ ዛሬ የቆየልን በተለይ ኮዱ ክፍት በሆነበት ቦታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ነገሩን እዚሁ ከሐርጌሳ ልጀምር። አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ገና ከጅምሩ «አገርዎን ይምረጡ» ይላል። የሐርጌሳ ሰው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቢያየው ሶማሌላንድ የሚል አያገኝም። ዝርዝሩ የሚቀዳው አይኤስኦ 3166 ከሚባለው የአገሮች መለያ ሰንጠረዥ ስለሆነ እዚያ የሌለ ስም እዚህም የለም። ገንዘቡም እንዲሁ ነው፤ በየገበያው በእስር በእስሩ ተከምሮ የሚመነዘረው የሶማሌላንድ ሽልንግ የገንዘቦች መለያ በሆነው በአይኤስኦ 4217 ላይ የራሱ ባለ ሦስት ፊደል ኮድ የለውም። ሰዓቱን ለማስተካከልም ሞቃዲሾን ወይም ናይሮቢን መምረጥ ግድ ይሆናል። ስለ እውቅናው የሚከራከሩ ሌሎች መድረኮች አሉ፣ እኔ ወደዚያ አልገባም። የኔ ጥያቄ ጠባብ ነው፦ እዚህ ከተማ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ ዋጋን በሽልንጉ እንዲጽፍለት፣ ሳምንቱንም አርብ ቢሮ እንደሚዘጋበት አገር እንዲቆጥርለት የሚፈልግ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? በተዘጋ ሶፍትዌር አምራቹ የተወለትን ያህል ይለውጣል፤ የገንዘቡን ምልክት እንዲቀይር ይፈቀድለት ይሆናል፣ የአገሮቹን ዝርዝር ግን አይነካም።

ሊኑክስ ላይ ይህ ሁሉ የተጻፈው ማንም ከፍቶ በሚያነበው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ግሊብሲ የሚባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ለሶማልኛ አራት ፋይሎች አሉት፤ አንዱ ለሶማሊያ፣ አንዱ ለጅቡቲ፣ አንዱ ለኬንያ፣ አንዱ ለኢትዮጵያ። ጎርጓሪው ከአራቱ አንዱን ይገለብጥና አዲስ ስም ይሰጠዋል። ሲከፍተው የወሮችና የቀኖች ስም በአንድ ክፍል፣ የቀን አጻጻፉ በሌላ፣ የገንዘቡ ምልክትና የሺህ መለያው በሌላ ክፍል ተደርድረው ያገኛቸዋል፤ ሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር የምትወስነው አንዲት ቁጥር ናት። ምልክቱን ይለውጣል፣ የቅዳሜን ቁጥር ያስገባል፣ ሴቭ ያደርጋል፤ ከዚያ ፋይሉን ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት መልክ የሚለውጠውን ትእዛዝ ይሰጣል። ለገንዘቡ የራሱን ኮድ ፈጥሮ ከሆነ ፕሮግራሙ «ይህ ኮድ በአይኤስኦ 4217 የለም» ብሎ ያጉረመርማል። አጉረምርሞ ግን አይከለክልም፤ ማጉረምረሙን ዝም የሚያሰኝ አማራጭ እንኳ እዚያው ተዘጋጅቶለታል። እንዲህ ያለ ፋይል ማንንም በየትም አያስመዘግብም። ባለቤቱ ግን ዋጋ ሲጽፍም ቀን ሲቆጥርም የሚኖርበትን ከተማ በስክሪኑ ላይ ያየዋል፣ ለዚህም ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም።

ለአማርኛ ተናጋሪው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የኛ ፊደል ወደ ኮምፒውተር በገባበት መንገድ ላይ ከተቋም ውሳኔ ይልቅ የግለሰብ እልህና ትርፍ ሰዓት ይበዛል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ የነበሩት ፍሥሓ አጥላውና በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ ግዕዝን በማሽኑ ላይ ለማስፈር በየፊናቸው ደክመዋል። የእንስሳት ሐኪም! በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች የሚወክለውን ሴራ የተባለ ሥርዓት አወጡ፤ ኢሜይል የኛን ፊደል ጨርሶ በማያስተላልፍበት ዘመን ሰው አማርኛውን በላቲን ጽፎ ተቀባዩ ዘንድ ወደ ፊደል እንዲመለስ ነበር ዓላማው። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን የኢማክስ ነገር ነው። ኢማክስ ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ለሕዝብ የለቀቀው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሆን፣ ተጠቃሚው ማናቸውንም ባሕርይ በራሱ ኮድ እንዲለውጥ ተብሎ የተሠራ ነው። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ የግዕዝ ፊደልን ድጋፍ ጽፎ ጨመረበት፣ በ1997 በወጣው ኢማክስ 20 ውስጥም ለሁሉም ደረሰ። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ግዕዝን የተቀበለው በ1999 በወጣው ቅጽ 3.0 ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያመጣልን ደግሞ በ2007 ነው። ማንም ሊከፍተውና ሊጨምርበት በሚችለው ፕሮግራምና በትልቁ ኩባንያ ምርት መካከል ዐሥር ዓመት አለ። ታካሃሺ በምርምር ተቋም ይሠራ ነበር እንጂ የትርፍ ሰዓት ሰው አልነበረም የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው። ሆኖም ከቶኪዮ አጠገብ ተቀምጦ አማርኛን እንዲያጽፍ ያስገደደው የአማርኛ ገበያ አልነበረም፤ የጽሕፈት ሥርዓቶች ፍቅር ነበረው፣ በሩም ክፍት ነበር።

ውጤቱ ዛሬም ይታያል። ኢማክስን የከፈተ ሰው የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የሰፈረበትን ገጽ ቢጠራ ከዐረብኛ ጋር አማርኛን ያገኛል፤ በንጉሡ ሠ «ሠላም» ተብሎ ተጽፏል። (የኔታ ቢያዩት በእሳቱ ሰ አርመው ይመልሱት ነበር፤ ፋይሉ ክፍት ስለሆነ ማረሙም ይቻላል።) የቀን መቁጠሪያውን ከፍቶ መጀመሪያ የፒን፣ ቀጥሎ የኢን ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ጠቋሚው ያረፈበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ይነግረዋል፤ ጳጉሜን አይረሳም። ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው የቢሮ ፕሮግራሞች ይህን ሳያውቁ ስንት ዘመን ኖረዋል።

«እሺ፣ ይህ ሁሉ ቁም ነገር ነው፤ ታዲያ ለምን ጨዋታ ትለዋለህ?» ይባል ይሆናል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ስላሉት ነው። በነሐሴ 1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ስለ ሊኑክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳውቅ ሥራው ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይወጣው ነበር የጻፈው። ሶማሌላንድ ነጻነቷን ያወጀችው በዚያው ዓመት በግንቦት ነውና፣ የሐርጌሳ ሊኑክስ ወዳጅ ሁለቱን ልደት በአንድ ድግስ ሊያከብር ይችላል። በዚያው ዓመት በኅዳር ደግሞ ሆላንዳዊው ብራም ሙለናር አሚጋ በተባለው የቤት ኮምፒውተር ላይ የሠራውን ቪም የተሰኘ የጽሑፍ ማዘጋጃ ለሕዝብ ለቀቀ። አሚጋ ዛሬ የአሮጌ ኮምፒውተር አፍቃሪዎች እንደ ብርቅ የሚያዩት ማሽን ነው፤ ቪም ግን በዓለም ዙሪያ ባሉ ሰርቨሮች ላይ አለ። ሙለናር ለፕሮግራሙ ዋጋ አልጠየቀም፤ በኡጋንዳ ኪባሌ ልጆች መካከል አገልግሎ ስለነበር ቪም ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ተጠቃሚው ለኡጋንዳ ድሀ ልጆች እንዲረዳ ይለምናል። ፍሪዶስንም እንውሰድ። ማይክሮሶፍት ዶስ የተባለውን የድሮ ሲስተሙን ሊተወው መሆኑ ሲሰማ ጂም ሆል የተባለ የፊዚክስ ተማሪ በሰኔ 1994 ነጻ ምትኩን ለመሥራት ተነሣ፤ የፕሮግራሙ ቅጽ 1.3 የወጣው በ2022 ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በጀቱ ሲዘጋ ፕሮጀክቱን ይዘጋል። ለደስታው የሚሠራው ሰው ለሃያ ስምንት ዓመት ማንም ያላዘዘውን ነገር ሲያሻሽል ይኖራል።

እርግጥ ጎርጓሪም ይሰለቻል፣ ያገባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ በጅምር የቀሩ የነጻ ሶፍትዌር ሥራዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ሙለናር ራሱ በነሐሴ 2023 አረፈ። ቪም ግን አልቆመም፤ ከአጠገቡ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ተረክበው አዲስ ቅጽ አወጡ፣ ይህን ለማድረግም ከወራሽም ከኩባንያም ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ከ1990ዎቹ የአማርኛ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ስንቶቹ ከባለቤታቸው ጋር ወይም ከዊንዶውስ 98 ጋር አብረው እንደቀሩ ስናስብ ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ ይታያል። እነዚያ ሰዎች ለኛ የደከሙ ናቸው፣ ከድካማቸውም እንጀራ መብላት መብታቸው ነበር። ነገር ግን ኮዱ ተዘግቶ ስለነበር ከነሱ በኋላ የሚቀጥል ሰው አላገኘም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። አሮጌ ኮምፒውተር መውደድ የፈረንጅ ትዝታ ነው ይባላል። እንግሊዛዊ ወይም ጀርመናዊ ጎልማሳ ኮሞዶር 64 ሲያይ ልጅነቱ ይመጣበታል፤ በ1982 የወጣው ያ ባለ 64 ኪሎባይት ማሽን መኝታ ቤቱ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ወይም ሐርጌሳ ውስጥ በዚያ ዘመን በቤቱ ኮምፒውተር የነበረው ልጅ ማን ነው? ያልነበረንን ነገር እንዴት እንናፍቃለን? ተቃውሞው ልክ ነው፣ መልሱም ኮሞዶርን መዋስ አይደለም። የኛ አሮጌ ማሽን ሌላ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል በታይፕራይተር ለማጻፍ የተራቀቁበት የጽሕፈት መኪና ነው፤ ከየሻይ ቤቱ ሲዘፍን የኖረው ካሴት ነው፤ በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ «ኮምፒውተር እንጽፋለን» የሚል ታፔላ ያሰቀለው ፔንቲየም ነው።

ካሴትን በተመለከተ ደግሞ ሐርጌሳን የሚያህል አስተማሪ ከተማ የለም። በ1943 የተመሠረተው ራዲዮ ሐርጌሳ በአሥርታት ያጠራቀመው የሙዚቃ፣ የግጥምና የቲያትር ቅጂ ነበረው። በ1988 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የዚህ ሀብት ጠባቂዎች ካሴቱንና ሪሉን ከፊሉን መሬት ቆፍረው ቀበሩት፣ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት። ዛሬ የሒሳብ ሊቁ ዶክተር ጃማ ሙሴ ጃማ በመሠረቱት የሬድሲ የባህል ፋውንዴሽን ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ፤ በ2017 ከዚህ ክምችት የተመረጡ ዘፈኖች በአልበም ወጥተው ለተከታዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ካሴት ከጉድጓድ ወጣ ማለት ግን ተሰማ ማለት አይደለም። ማጫወቻ ያስፈልገዋል፣ ማጫወቻው ደግሞ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ነው። ውስጡ ያለው የጎማ ቤልት በሙቀት ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል፤ ልኩን የሚተካ ፈልጎ መግጠም ያስፈልጋል። ቴፑን የሚያነበው ሄድ በአልኮል ተወልውሎ ከዝገትና ከዱቄት መጽዳት አለበት። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞሩ የሲምባሉና የ«ስ» ድምፅ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ማስተካከል ደግሞ ጆሮ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ የተዛነፈ ከሆነ ማጫወቻውም በዚያው ልክ መዛነፍ አለበትና። ይህን የሚያውቀው ሰው ቴፕ እየፈታ ሲገጥም «ሥራ ፈት» ሲባል የኖረው ነው። ወደ ኮምፒውተር የገባው ድምፅ ደግሞ በምን ፎርማት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ከድምፁ ምንም የማያጎድለውና አሠራሩ ለሁሉ የታወቀው ፍላክ የተባለው ፎርማት ከ2001 ጀምሮ አለ፣ የሚያጫውተውን ፕሮግራም ማንም መጻፍ ይችላል። አንድ ኩባንያ ብቻ በሚያውቀው ፎርማት ያስቀመጠ ግን ያ ኩባንያ የተዘጋ ዕለት ያንኑ ድምፅ ዳግመኛ ፍለጋ ይወጣል።

በኛ በኩል ያለው ተመሳሳይ ጉድ በጽሑፍ ፋይሎች ላይ ነው ማለት ይቻላል። ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት ፎንት ማለት ቢበዛ 256 ቦታ ያለው ሰንጠረዥ ነበር። በ1999 ዩኒኮድ ለግዕዝ የመዘገባቸው ምልክቶች 345 ናቸው፤ በ256 ቦታ አይገቡም። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው፣ ሌላው ግዕዙን አስቀምጦ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ለብቻው ደረበበት። በተለያዩ ፕሮግራሞች አንዱ ቁጥር አንድ ቦታ «መ» ሲሆን ሌላ ቦታ «ጨ» ነበር። የዚያ ዘመን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የጋዜጣ ገጽ ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፋይል የሚያድነው ሰው የድሮውን ዊንዶውስ በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም (በኢሙሌተር) የሚያስነሣ፣ የጥንቱን ፕሮግራም ከፍሎፒ ቀድቶ የሚጭን፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ አንድ በአንድ የሚመዘግብ ሰው ነው። አሮጌ ኮምፒውተር የሚያፈቅረው ሰው ለጨዋታ የለመደው ሙያ በቀጥታ ይህ ነው፤ ዶስቦክስ የተባለው ኢሙሌተር የተሠራው የድሮ ጌሞችን ለመጫወት ነበር።

«ዘመኑ የስልክ ነው፣ ኮምፒውተር መጎርጎር ያለፈበት ነው» የሚለውም በዚህ ከተማ ክብደት አለው። የስልክ ኩባንያው የቴሌሶም የገንዘብ ማስተላለፊያ ዛድ በ2009 ከተጀመረ ወዲህ እዚህ ሻይ የሚጠጣውም፣ ጫት የሚገዛውም፣ ደመወዝ የሚከፍለውም በስልክ ነው። ነገር ግን ያንን ክፍያ በትናንሽ ስልኮች ላይ የሚያስኬደው ዩኤስኤስዲ ምንድን ነው? ኮከብና መሰላል ተጭኖ የሚመጣ፣ በአንድ ጊዜ ከ182 ፊደል የማይበልጥ፣ ቁጥር እያስመረጠ ወደ ቀጣዩ የሚያሻግር የጽሑፍ ዝርዝር ነው። ቀለም የለውም፣ ሥዕል የለውም፣ አፕ አያስጭንም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። የድሮ ዶስ ሜኑ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የዚህ ከተማ ኢኮኖሚ አሮጌ ቴክኖሎጂን ያልጣለው ስለሚናፍቀው አይደለም፤ ቀላል፣ ርካሽና ማንኛውም ስልክ የሚችለው ስለሆነ ነው። አዲሱ ሁሌ የተሻለ ነው የሚለው እምነት በሐርጌሳ ገበያ ሲፈተን ይወድቃል።

ሌላው ክርክር ገንዘብ ነው፦ ዊንዶውስ ክራክ ተደርጎ በፍላሽ በነጻ እየተገኘ ነጻ ሶፍትዌር ምን ይጨምራል? የተሰረቀ ሶፍትዌር ዋጋው ዜሮ ይሁን እንጂ ውስጡ ያው የተዘጋው ነው፤ ከክራኩ ጋር ምን ቫይረስ እንደመጣም አይታወቅም። በጥቅምት 14፣ 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ሲያቆም የገዛውም የሰረቀውም እኩል ነው የተነካው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴልም ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም፤ ይህም ማለት ከ2017 በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ሁሉ ደህና እየሠራ በወረቀት ላይ ጡረታ ወጥቷል ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ በዱባይና በበርበራ በኩል እየገባ ለሚማርበትና ለሚሠራበት ሕዝብ ይህ የሩቅ አገር ዜና አይደለም። ያው ላፕቶፕ ሊኑክስ ሲጫንበት የደህንነት ማሻሻያ እያገኘ ዓመታት ይቀጥላል። ቢሮው ወርድና ኤክሴል የሚያዝ ሰው ግን ቢሮው የሚለውን ይጠቀም፤ ነጻው የቢሮ ፕሮግራም ሊብረ ኦፊስ የወርድን ፋይል ይከፍታል፣ ውስብስቡን ሰንጠረዥ ግን አንዳንዴ ያዛባዋል፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እዚህ የምከራከረው ስለ ትርፍ ሰዓት ነው።

አሮጌውን ማሽን ራሱን ማስነሣትም የራሱ ወጪ አለው። የፔንቲየም 4 አንዳንዱ ፕሮሰሰር ብቻውን እስከ 115 ዋት ይጠጣል፣ የመብራት ዋጋው በውድነቱ ሲነሣ በኖረ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ ለብዙው ሰው ኢሙሌተሩ ከዕቃው ይሻላል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ያልታደሱ ዊንዶውሶችን ሲያግት እንደታየው፣ የድሮ ሲስተም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም። ነጻ ሶፍትዌርም ለዘላለም አይታገሥም። ሊኑክስ የተወለደው በኢንቴል 386 ላይ ነው፣ በ2013 በወጣው ቅጽ 3.8 ግን 386ን ትቶታል፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም በ2025 በወጣው ቅጽ 13 ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮችን እንደ ድሮው መጫኛ አያወጣላቸውም። ልዩነቱ የቀደመው ኮድ ከነታሪኩ እዚያው ስለሚቀመጥ የፈለገ ሰው ካቆሙበት ሊቀጥል መቻሉ ነው። ማይክሮሶፍት እንኳ የኤምኤስ ዶስ 4.00ን ኮድ በሚያዝያ 2024 ለሁሉም ክፍት ያደረገው የዶስ ንግድ ካበቃ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

«ተራው ሰው መነካካት አይፈልግም፣ እንዲሠራለት ብቻ ነው የሚፈልገው» ለሚለው መልሱ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ወንጪና ወለንጪቲ ላይ አለ። በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕጻናት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች የሞቶሮላ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ አደለ። የታብሌቶቹ ገጽ እንዳይቀየር የሚከለክል ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ነበር። በወራት ውስጥ ልጆቹ ክልከላውን አልፈው እያንዳንዱ ታብሌት የየራሱ መልክ ይዞ ተገኘ፤ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ አስነሡት። የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ናቸው በመደነቅ የተናገሩት። ከዚህ ትልቅ የትምህርት ድምዳሜ ለማውጣት የቸኮሉ ነበሩ፣ እኔ ያን ያህል አልሄድም። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ማሽኑን የራሱ ማስመሰል መሆኑ ግን ይበቃኛል፤ ፍላጎቱን ከውጭ ያመጣለት ሰው የለም።

በዚህ በሶማሌላንድ ደግሞ ሰው የሚጠብቅ የጎርጓሪ ሥራ አለ። ሶማልኛ በ1972 በላቲን እንዲጻፍ ከመወሰኑ በፊት የራሱ የሆኑ ፊደሎች ተፈጥረውለት ነበር። ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የፈጠሩት ዑስማንያ በ2003 ዩኒኮድ 4.0 ውስጥ ገብቷል። ሼኽ አብዱራህማን ሼኽ ኑር በ1933 ገደማ የፈጠሩት የቦረማ ጽሕፈት ግን አልገባም፤ ቦረማ ደግሞ ከዚህ ከተማ ሩቅ አይደለችም። ዩኒኮድ እንዲህ ላለው ጉዳይ ማንም እንደፈለገ እንዲጠቀምባቸው ያስቀመጣቸው፣ በመሠረታዊው ክፍሉ ብቻ 6,400 የሚሆኑ የግል ቦታዎች አሉት። ፎንትፎርጅ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል በመስመርና በነጥብ ሥሎ ከነዚህ ቦታዎች በአንዱ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ዐሥር ዓመት ባለፈው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ለመጻፊያው ኤም17ኤን የተባለው ላይብረሪ አለ፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ታካሃሺ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው፣ አማርኛን በሴራ የሚያጽፈውም ፋይል እዚያው ውስጥ ይገኛል። ይህንኑ ፋይል እንደ ናሙና ይዞ በአንድ መስመር አንድ ቁልፍና አንድ ፊደል እያጣመሩ የቦረማን መጻፍ ይቻላል፤ የላቲን ቁልፎቹ የሶማልኛን ድምፅ ስለሚከተሉ የሚለምደው ሰው አይቸገርም። ለቅርጾቹ መነሻ የሚፈልግ ሰው አንትሮፖሎጂስቱ አይ ኤም ሉዊስ በ1958 ስለዚህ ጽሕፈት ያሳተመውን ጥናት ፈልጎ ያንብብ፤ ሥዕሉን ከዚያ መጀመር ይችላል።